ሮስተር ላይ ያሉ፣ ዴስክ ላይ የሌሉ

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት በየወረዳው ከተማ አንድ ዓይነት ወሬ ይወራል። «የእገሌ ቀበሌ ትምህርት ቤት ዘጠና በመቶ አሳለፈ፤ የእነ እገሌ ግን ጉድ ሆነ» ይባላል። በዓመታዊው የትምህርት ጉባኤ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተደርድረው ይነበባሉ። ላይ ያለው ርዕሰ መምህር የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ ታች ያለው አንገቱን ይደፋል። ወላጅም ይህንኑ ሰምቶ ልጁን ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ዘንድ ያስገባል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው «ለየትኛው ትምህርት ቤት እንስጥ?» ብለው ሲጠይቁ የሚላክላቸው ያው ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር ልጆችን እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው ፈተና ክፍል ድረስ የደረሱትን ብቻ ነው።

እንዲህ እናስብ። ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ላይ 120፣ 120 ልጅ መዘገቡ። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው 30 ልጅ አስፈትኖ 27ቱ አለፉለት፤ ዘጠና በመቶ። ሁለተኛው 80 አስፈትኖ 56ቱ አለፉ፤ ሰባ በመቶ። በጉባኤው የሚጨበጨብለት የመጀመሪያው ነው። ከተመዘገቡት 120 ልጆች አንጻር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ለዘጠነኛ ክፍል ያበቃው ከመቶ 23 እንኳ አይሞላም፤ ሁለተኛው ከመቶ 46 በላይ አብቅቷል። የመጀመሪያው 90 ልጅ መንገድ ላይ ጥሎ በቀሩት ጎበዞች ተመሰገነ። ሁለተኛው ደካማውንም፣ ዘግይቶ የመጣውንም፣ ከብት እየጠበቀ የሚማረውንም እስከ መጨረሻ ይዞ ዘለቀና ተወቀሰ። ርዕሰ መምህሩ ከዚህ የሚማረው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ደካማ ተማሪ ሲያቋርጥ ዝም ማለት ይሻላል።

ስለዚህ የአንድን ገጠር ወረዳ ትምህርት ቤቶች ለማወዳደር የሚነሣ ሰው መጀመር ያለበት ከጠፉት ልጆች ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። የሚያስፈልገው የየዓመቱ የስም መጥሪያና ሮስተር (የተማሪዎች ዝርዝር መዝገብ)፣ የመሸኛ (ተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር የሚጻፍ ደብዳቤ) ቅጂዎች ፋይል፣ ትልቅ መስመር ያለው ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል የተፈተኑትን ለማየት ወደ 2009 ዓ.ም. የአንደኛ ክፍል መጥሪያ መመለስ ይገባል። እያንዳንዱን ልጅ በስም፣ በአባትና በአያት ስም፣ በጾታ ጽፋችሁ ከፊት ለፊቱ ስምንት ዓምድ አስምሩ። ከዚያ ዓመት በዓመት እየተከተላችሁ አለፈ፣ ደገመ፣ በመሸኛ ሄደ፣ አቋረጠ፣ ሞተ እያላችሁ ሙሉ። አንድ መቶ ምናምን ልጅ ላለበት ትምህርት ቤት ሁለት ሰው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ ሁለት ቀን ቢቀመጥ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። «ኃይሉ» ተብሎ አንደኛ ክፍል የተመዘገበው ልጅ ሦስተኛ ክፍል ላይ «ሀይሉ»፣ አምስተኛ ላይ «ሐይሉ» ሆኖ ይገኛል። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» እንዲሁ። ዓይን ይህን ቶሎ ያርመዋል፤ ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ሲፈለግ ግን አንዱ ልጅ ሁለት ይሆናል። አንዱ እንዳቋረጠ፣ ሌላው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ እንደገባ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ተስማሙ፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አንድ፤ ሠ እና ሰ አንድ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አንድ፤ ጸ እና ፀ አንድ። ለስም ክብር ሲባል ሌላ ዓምድ ላይ ቤተሰቡ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም የሚለያይበት ልጅም አለ፤ ለዚህ መፍትሔው ክፍሉን ለረጅም ጊዜ የያዘውን መምህር ወይም የዚያው ጎጥ ልጆችን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው «በመሸኛ ሄደ» የሚለው ዓምድ ነው። ከሁሉም የምጠራጠረው ይህን ነው። ያቋረጠን ልጅ «ተዛወረ» ብሎ መጻፍ የማቋረጥ መጠንን ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም አይከራከርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመሸኛው ቅጂ ፋይል ውስጥ አለ ወይ? የተላከበት ትምህርት ቤትስ ስሙ ተጽፏል? እዚያው ወረዳ ውስጥ ከሆነ በስልክ ይጠየቃል። ቅጂ የሌለው ዝውውር እንደ ማቋረጥ ይቆጠር።

ሦስተኛው የዘመኑ ነገር ነው። በ2009 የጀመሩት ልጆች አራተኛ ክፍል ሳሉ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። መዘጋቱ ለሁሉም እኩል ነበር፤ የተመለሱት ልጆች ብዛት ግን እኩል አልነበረም። በዚያ ላይ በትግራይ ከ2013፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሡት ግጭቶች ወራትና ዓመታት ሙሉ የተዘጉ፣ መዝገባቸው የጠፋ፣ ዴስካቸው ማገዶ የሆነ ትምህርት ቤቶች አሉ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ባለ ወረዳ ከማንኛውም ቁጥር በፊት መጻፍ ያለበት «ይህ ትምህርት ቤት በዓመቱ ስንት ሳምንት አስተማረ?» የሚለው ነው። አሥር ሳምንት የተማረን ልጅ ሠላሳ ሳምንት ከተማረ ጋር አሰልፎ ደረጃ መስጠት ግፍ ነው።

የጠፉት ልጆች ዝርዝር ሲያልቅ የት ላይ እንደጠፉ መልኩ ይታያል። በገጠር ወረዳ ከሁሉ ሰፊው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል መካከል ነው። ምክንያቱ ሳተላይት ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናት ሩቅ እንዳይሄዱ ተብሎ በየጎጡ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ብቻ የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ልጁ አራተኛን ሲጨርስ ወንዝ ተሻግሮ ወይም ገደል ወጥቶ ወደ ዋናው ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ክረምት ላይ ወንዙ ይሞላል፤ ሴት ልጅን ብቻዋን ለመላክ እናት ትፈራለች። በወረቀት ላይ ሳተላይቱ «መቶ በመቶ አሳለፈ»፣ ዋናውም «ከተመዘገቡት ጥቂት አቋረጡ» ይላል። ልጁ ግን በሁለቱ መካከል ጠፋ፤ የማንም ሒሳብ ላይ የለም። ሳተላይትን ለብቻው፣ ዋናውን ለብቻው ማወዳደር ይህን ቀዳዳ ይሸፍነዋል። ትክክለኛው መለኪያ ዋናውን ትምህርት ቤት ልጆች ከሚልኩለት ሳተላይቶች ሁሉ ጋር አንድ ላይ ማየት ነው።

ሌላው ቀዳዳ ጥርና የካቲት ላይ ነው። የአምስተኛ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል የስም መጥሪያ ገልጣችሁ የሴቶቹን ስም ብቻ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በጣት ተከተሉ። ታኅሣሥ ላይ በየቀኑ የነበረች ልጅ ጥር አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ትቀራለች፣ ከዚያ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ መስመሩ ባዶ ይሆንና ስሟ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ሠርግ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው የሚደገሰው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም መጥሪያው የሚለው ሌላ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ስንት ሴት ልጅ እንደሚያጣ፣ ሌላው ደግሞ በዚያው ባህልና በዚያው ድህነት ውስጥ ሆኖ ስንት እንዳስቀረ ማየት ከማንኛውም የፈተና ውጤት የበለጠ ስለ ርዕሰ መምህሩና ስለ ሴት መምህራኑ ይናገራል። ልጅቷ ሁለት ቀን ስትቀር ቤቷ ድረስ የሚሄድ ሰው ያለበት ትምህርት ቤት ከሌላው በግልጽ ይለያል።

ከመዝገብ ወደ ዴስክ እንምጣ። የተመዝጋቢ ቁጥር የሚሰበሰበው በዓመቱ መጀመሪያ ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ በጀት በተማሪ ነፍስ ወከፍ ይሰላል፤ የቀበሌ አመራርም «ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ሁሉ ገብቷል» እንዲል ይጠበቅበታል። ሁለቱም ሮስተሩን ያሳብጡታል። ማንንም በግል ለመውቀስ አልልም፤ አሠራሩ ራሱ የሚገፋው ወደዚያ ነው። ስለዚህ ጭንቅላት መቁጠር ግድ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ሳይነገር ይኬዳል፤ ቢያንስ ቀኑ አይነገርም። የገበያ ቀንና ወርኃዊ በዓል የሚውልበት ቀን፣ ማለትም 12፣ 21 እና 29፣ ለመጀመሪያው ቆጠራ አይመረጥም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር በየክፍሉ ገብታችሁ ወንድና ሴት ለይታችሁ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተቆጠረ ከሩቅ የሚመጡት አልደረሱም፤ ከእረፍት በኋላ ከሆነ ደግሞ የሄዱ አሉ። ያንኑ ቀን መምህሩ መጥሪያው ላይ «አለ» ያላቸውን ከቆጠራችሁት ጋር አመሳክሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ መዝገቡ ይታመናል። መጥሪያው 58 እያለ ዴስክ ላይ 37 ልጅ ካለ ከዚያ ትምህርት ቤት የሚመጣን ማንኛውንም ቁጥር በጥንቃቄ ያዙ።

ቆጠራው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሁን፤ ከመስቀል በኋላ፣ በመኸር፣ እና ጥር ላይ። የመኸሩ ቆጠራ ወረዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ቆላው ላይ ማሽላ ሲያፈራ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወፍ ይጠብቃሉ። ደጋው ላይ ገብስ ይታጨዳል፣ ከብት ጠባቂው ትንሹ ልጅ ነው። ከሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ጎረምሶቹ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ አካባቢ ይወርዳሉ። እንግዲህ ጥቅምት ላይ አንዱ ትምህርት ቤት ባዶ፣ ሌላው ሙሉ ሆኖ ቢገኝ የሰብሉ ጊዜ ስለተለያየ ሊሆን ይችላል። ቆላውን ከቆላ፣ ደጋውን ከደጋ ማወዳደር ያሻል። የተማሪዎች ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከሌለበት ጋር በመገኘት ቢወዳደርም ፍርድ አይሆንም፤ እህሉ ሲመጣ ክፍሉ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ይሳሳል።

ክፍል ከገባችሁ አይቀር መጽሐፍ ቁጠሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር የታተመ መጽሐፍ በየቦታው ዘግይቶ፣ ጎድሎም ደርሷል። ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር ግን የመጋዘኑ ነው። መጽሐፍ ከጠፋ የሚጠየቀው ንብረት ክፍሉ ስለሆነ አዲሱን መጽሐፍ ቆልፎ ማስቀመጥ ለብዙ ሰው ከመበተን ይቀልላል። ስለዚህ «የሒሳብ መጽሐፍ ያላችሁ ወደ ላይ አንሡ» ብላችሁ እጅ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሂዱ፤ አቧራ የጠጣ፣ ከነማሰሪያው የተቀመጠ ጥቅል ብታገኙ ያ ትምህርት ቤት የጎደለው መጽሐፍ አይደለም። የሚያከፋፍልና «የጠፋ ቢኖር ኃላፊነቱ የጋራ ነው» የሚል ስብሰባ ነው የጎደለው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ንባብ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የስምንት ዓመት ድምር ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ዜና ነው። ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት የሚለይ ፈጣን መለኪያ ከፈለጋችሁ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሲያነብ ስሙ። መሣሪያው አንድ ወረቀትና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ነው።

ከየክፍሉ 8 ያህል ልጅ በቂ ነው። 64 ልጅ ካለ ከመጥሪያው ላይ በየስምንተኛው ስም ጥሩ፤ መምህሩ እንዲመርጥ አይጠየቅ፣ ጎበዙን ይሰጣችኋልና። የቀረ ልጅ ስም ከተጠራ መቅረቱ ይጻፍ፣ ከሱ በታች ያለው ይተካ። ወረቀቱ ላይ ከፊደል ገበታው 231 ፊደላት ውስጥ መቶውን አዘበራርቃችሁ በአሥር መስመር፣ በየመስመሩ አሥር አሥር፣ በትልቁ ጻፉ። ልጁ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ደቂቃ የቻለውን ያነባል፤ የሳተውን በእርሳስ ታሰምራላችሁ፤ ከመጀመሪያው መስመር አንድም ካላወቀ በዚያው ይቆማል፣ አይጨነቅ። ቀጥሎ ስድሳ ቃል ያህል ያላት አጭር ታሪክ በአንድ ደቂቃ፤ ከዚያ ስለታሪኳ አምስት ጥያቄ በቃል። ታሪኳ ከመማሪያ መጽሐፉ መወሰድ የለባትም፤ ከብት፣ ምንጭ፣ ገበያ ያለባት አዲስ ትሁን።

ለምን ተዘበራረቀ? ምክንያቱም ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» የሚለውን በዜማ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ በእንጨት እየተነካለት አብሮ ሲዘምር ያነበበ ይመስላል። «ሂ» ለብቻዋ ስትቀርብ ግን ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ሀ» ተነሥቶ በልቡ እስኪቆጥር ድረስ ይዘገያል። ይህ ልጅ ፊደል አያውቅም፤ ዜማ ያውቃል። ስሕተቱም መልክ አለው። ካዕብና ሣልስ ይደባለቁበታል፣ «ሉ» ን «ሊ» ይላል። መልኩ ከፊደል ፊደል የሚለያየው ሳድስ ያስቸግረዋል፤ «ን» ን አውቆ «ር» ላይ ይቆማል። ስምንቱም ልጆች ሳድስ ላይ ከወደቁ ጉድለቱ የልጆቹ አይደለም፤ ያ ክፍል ፊደል የተማረው በመስመር ብቻ ነው፣ ሳድስ ለብቻው አልተለማመደም ማለት ነው። ይህ ለመምህሩ የሚነገርና በአንድ ወር የሚስተካከል ነገር ነው። የትኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር አይነግረውም።

መጽሐፍን በቃሉ የሚወጣ ልጅም አለ። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ሆኖ ገጹን ይወርደዋል። ከገጹ መሐል አንዲት ቃል በጣታችሁ ነክታችሁ «ይቺን አንብብ» በሉት፤ ያኔ ይታወቃል። ፈተናው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ልጅ በልጅ ይሁን፤ ጓደኛ አጠገብ ካለ ያንሾካሹክለታል። የራሱ መምህር ፈታኝ አይሁን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሳትረሱ ጠይቁ፤ «ቄስ ትምህርት ቤት ገብተሃል?» በሉት። በብዙ የደጋ ቀበሌ ልጁ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል፤ ዳዊት የጀመረም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት በንባብ ከሌላው ቢበልጥ ምስጋናው ለየኔታ ሊሆን ይችላል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆችን ለብቻ፣ ሌሎቹን ለብቻ አድርጋችሁ ብታወዳድሩ ብዙ ጊዜ ደረጃው ይገለባበጣል። ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው መዘጋጃ ክፍል) የገቡና ያልገቡትንም እንዲሁ መለየት ያስፈልጋል።

ስለ ኢንስፔክሽን ደረጃ ባጭሩ ልበል። ትምህርት ቤት በኢንስፔክተሮች ሲመዘን ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል፤ ከ50 በታች ደረጃ አንድ፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ሁለት፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት ነው። ከገጠር ወረዳ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ይከማቻሉ። 49 ያገኘና 51 ያገኘ በደረጃ ይለያያሉ፣ 51 እና 69 ግን አንድ ይባላሉ። ስለዚህ ደረጃውን ትታችሁ በየስታንዳርዱ የተሰጠውን ነጥብ ጠይቁ። የግብዓቱ ነጥብ ባብዛኛው የመንገድ ቅርበትና የወላጅ አቅም ነው የሚለካው፤ አስፋልት ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሲሚንቶ በቀላሉ ይደርሰዋል፣ እንግዳም ይጎበኘዋል። የሂደቱን ነጥብ ለብቻው እዩት።

የመምህር ጥምርታም እንዲሁ አሳሳች ነው። «አንድ ለ32» ማለት ደስ ይላል። ግን ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የተማረ መምህር ከሌለ፣ ሒሳቡን የስፖርት መምህሩ ደርቦ ከያዘው፣ ጥምርታው ምን ይጠቅማል? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ በሰባተኛና ስምንተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ያላየ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሁሉም ትምህርት ይጨልምበታል። ስለዚህ መምህራንን በሰው ብዛት ሳይሆን በትምህርት ዓይነትና በሳምንት ክፍለ ጊዜ ቁጠሩ። የጊዜውን ሒሳብም አትርሱ። በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ ቢያስተምር 240 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው በሰልፍና በመዘግየት፣ የመጨረሻው መምህሩ ከተማ የሚመለስበት መኪና እንዳያመልጠው ሲባል ከቀረ የቀኑ ሲሶ ሄደ። መምህሩ ቀበሌው ውስጥ የሚከራየው ቤት ስላጣ ነው በየቀኑ የሚመላለሰው። የመምህራን መኖሪያ ያለውና የሌለው ትምህርት ቤት በዚህች ሲሶ ይለያያሉ፤ ለመርዳት የሚያስብ የውጭ ወገን ካለ ከአዲስ ቀለም በፊት ይህን ቢያስብ ደስ ይለኛል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ቢጮህም አይሰማም፤ ያ ሰዓትም እንደሌለ ይቆጠር።

የቁጥር ማነስ ጣጣ አለ። 24 ልጅ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ሲያልፍለት ወይም ሲወድቅበት ውጤቱ ከአራት በመቶ በላይ ይነቃነቃል፤ 300 ያስፈተነው ላይ ያው አንድ ልጅ አንድ ሦስተኛ ነጥብ ነው። ስለዚህ ትናንሾቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓመት ከላይ፣ በሚቀጥለው ከታች ሲሆኑ ማንም አልተሻሻለም፣ ማንም አልወደቀም። የሦስት ዓመት ተፈታኞችን ደምሮ አንድ ጊዜ ማስላት ይሻላል። ከ10 በታች ያስፈተነን ደግሞ ከነጭራሹ በመቶኛ አትግለጹት፤ «ከ7 ተፈታኝ 4 አለፉ» ይበቃል።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማለፍ መጠን እንደ መለኪያ ከናካቴው ፈርሷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ገጠር ወረዳ ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካለው ሦስቱም ዜሮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዜሮን ከዜሮ ማወዳደር አይቻልም። የተማሪዎቹ አማካይ ነጥብ፣ ከ30 በላይና ከ40 በላይ ያመጡት ድርሻ ቢታይ ግን ልዩነቱ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚናገረው በካርድ ላይ ባለው ማርክና በብሔራዊ ፈተናው መካከል ያለው ርቀት ነው። ካርዱ 85 የሚለውን ልጅ ፈተናው 28 ካለው፣ ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ 60 ሰጥቶት ፈተናው 38 ካለው፣ ለልጁ እውነቱን የነገረው ሁለተኛው ነው።

እዚያ ድረስ የደረሰውም ልጅ ስንት ነገር ተሸክሞ እንደሚማር ቁጥሩ ውስጥ የለም። ሁለተኛ ደረጃው ወረዳው ከተማ ነው። የገጠሩ ልጅ ከሦስትና አራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቤቱ ሄዶ እሑድ እንጀራና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። የአርብ ቀሪ ተማሪ ቁጥር ከሰኞው ጋር ቢነጻጸር ከተሜውና የገጠሩ ልጅ ያሉበትን ልዩነት ያሳያል። ሁለት ሁለተኛ ደረጃዎችን የሚያወዳድር ሰው ከየተማሪው «ከቤት ነው የምትመጣው ወይስ ተከራይተህ?» የሚለውን ሳይጠይቅ ምንም ቢጽፍ ጎደሎ ነው።

መጸዳጃ ቤትና ውሃ ላይ ረጅም አልሄድም። ቧንቧ አለ ወይ ሳይሆን ዛሬ ከፈታችሁት ይወርዳል ወይ፤ የሴቶች መጸዳጃ አለ ወይ ሳይሆን በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ። ሁለቱም በእጅ ተነክተው የሚታወቁ ናቸው።

የተሰበሰበው ነገር ለማን ይቀርባል የሚለው የመጨረሻው ሥራ ነው። ለወረዳው ሠንጠረዥ ይሂድለት፤ ወላጅ ግን ሠንጠረዥ አያነብም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረግ የወላጅ ስብሰባ ላይ ባቄላ ይበቃል። አንዲት ፍሬ ለአሥር ልጅ፤ አሥራ ሁለት ፍሬ ጋቢ ላይ ይደረደራል። «አንደኛ ክፍል እነዚህ ነበሩ» ይባላል። ከዚያ ክፍል በክፍል እየጠሩ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛ ላይ አንዲት፣ ሦስተኛ ላይ ምንም፣ አራተኛ ላይ አንዲት፣ አምስተኛ ላይ አራት በአንዴ። እዚያ ላይ ስብሰባው ጸጥ ይላል። የሌላው ትምህርት ቤት ባቄላም አጠገቡ ይደርደር፤ ስሙ ባይጠራም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ማን አንደኛ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚነሣው ጥያቄ አምስተኛ ክፍል ከወንዙ ወዲህ ቢሠራ ድንጋዩን ከየት እናምጣ፣ የቆርቆሮውን ትምህርት ቤቱ ያለው ባሕር ዛፍ ተሸጦ ይሸፍነው ይሆን የሚል ነው።